በቀስት ለምታድኑ፦ ፍላጻው የት ይግባ፣ የት ይውጣ? (ጥያቄና መልስ)

የዛሬው ጥያቄና መልስ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ነጭ ጅራቱን አጋዘን በቀስት ለምታድኑ ነው። የሚመልሱት ጋሽ ታዬ ናቸው።

ዳዊት፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? አጋዘን ሲመጣ የት ነው የሚመታው?

ጋሽ ታዬ፦ ሲመጣ እንዴት ሆኖ? ጎኑን ሰጥቶ ነው ፊት ለፊት? አንተ ዛፍ ላይ ነህ መሬት ላይ? ርቀቱስ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ለዛሬ ጎኑን ሰጥቷል እንበል። የፊት እግሩን የኋላ ጠርዝ ይዘህ በዓይንህ ወደ ላይ ውጣ። ከደረቱ ሥር እስከ ጀርባው ያለውን ሦስት ቦታ ክፈለውና የታችኛው ሢሶ የሚያልቅበት ላይ ቁም። ከዚያ ዝቅ ሲል ልብ ነው፣ ከፍ ሲል ሁለቱ ሳንባ። ልብና ሳንባ አንድ ላይ የሾርባ ሳህን ያህል ቦታ ነው የሚሰጡህ፤ 20 ሳንቲሜትር ግድም።

ሰላማዊት፦ የትከሻው አጥንት ፍላጻውን አይመልሰውም? ሥዕል ላይ ሳንባው በሙሉ በትከሻ የተሸፈነ ይመስላል።

ጋሽ ታዬ፦ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። በግ የበለተ ሰው ግማሹን ያውቀዋል፤ ወርቹን ከጎድኑ ስትለዪው ቢላዋሽ አጥንት አያገኝም፣ ያያያዘው ሥጋ ብቻ ነው። የአጋዘንም እንደዚያው ነው። ሰፊው የወርች አጥንት ከላይ ከጀርባው አጠገብ ይነሣና ወደ ታችም ወደ ፊትም ይወርዳል። የደረቱ ፊት ላይ ሲደርስ ይታጠፋል፤ ከዚያ ወፍራሙ አጥንት ወደ ኋላ ተመልሶ ክርኑ ላይ ያርፋል። ሹሉ ወደ ፊት፣ አፉ ወደ ኋላ የተከፈተ ማዕዘን ነው የሚሠሩት። ልቡ በዚያ አፍ ውስጥ፣ ከክርኑ ጥቂት ከፍ ብሎ ተቀምጧል። «ከትከሻው ራቁ» እየተባለ ስለሚነገር ብዙ ሰው አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ይሸሻል። እዚያ ያለው ጉበት ነው። ትንሽ ካለፍሽ ጨጓራ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ወደ ላይ ነው። በዓይን ከሚታየው የጀርባው ጫፍ ሥር ወዲያው አከርካሪ ያለ ይመስላል። በወርቹ በኩል ግን ከአከርካሪው ወደ ላይ የሚወጡት አጥንቶች ረጃጅም ናቸው፤ ሰረሰሩ ራሱ ከጫፉ በጣም ዝቅ ብሎ ያልፋል። ከአከርካሪው በላይ የገባ ፍላጻ ከሥጋ በቀር ምንም አይነካም፣ አጋዘኑም በነጋታው ሲግጥ ይታያል። ከዚያ «በሳንባና በአከርካሪ መካከል ባለው ባዶ ቦታ አለፈብኝ» ይባላል። ሳንባው ከአከርካሪው ሥር ተለጥፎ ነው ያለው፤ ባዶ ቦታ የለም። ደግሜ ልበል፤ የለም።

ይልማ፦ ይቅርታ፣ ይሄ እኮ አጋዘን አይደለም። አጋዘን የአገራችን ባለ ጠምዛዛ ቀንዱ ነው። ይሄኛው መጽሐፍ ዋላ የሚለው ነው።

ዳዊት፦ ዋላ ብል ማን ይሰማኛል? ዲር በልና ተገላገል።

ይልማ፦ የአጋዘን ቀንድ ዕድሜውን ሙሉ አይወልቅም፣ የዚህ በየዓመቱ ይወልቃል። በአንድ ስም ይጠራሉ?

ሰላማዊት፦ ዝሆንም ቢባል እኔ የልቡን ቦታ ነው የፈለግሁት።

ጋሽ ታዬ፦ ይልማ ልክ ነው። ከክርክሩ የሚጠቅማችሁ አንድ ነገር አለ፦ በክረምቱ ማብቂያ ቀንዱን የጣለ ወንድ ከሩቅ ሴት ይመስላል። ፈቃዳችሁ ለሴት ብቻ ከሆነ ግንባሩን ሳታዩ አትልቀቁ። ቀጥሉ።

ሀብታሙ፦ በ40 ያርድ ዒላማዬን ስቼ አላውቅም። እርስዎ ግን ሁልጊዜ ከ20 ያርድ በላይ አትልቀቁ ይላሉ፤ ለምን?

ጋሽ ታዬ፦ ዒላማው ጆሮ የለውማ። ፍላጻህ በሴኮንድ 280 ጫማ ይሂድ። 40 ያርድ 120 ጫማ ነው፤ ለመድረስ 0.43 ሴኮንድ ይፈጅበታል። የጅማቱ ድምፅ በሴኮንድ 1100 ጫማ ግድም ስለሚሄድ በ0.11 ይደርሳል። አጋዘኑ ከሰማ በኋላ ሢሶ ሴኮንድ ያህል ተረፈው። ለመፈትለክ መጀመሪያ እግሩን አጥፎ ዝቅ ይላል፣ ፍላጻህም በጀርባው ላይ ያልፋል። በ20 ያርድ ይህ ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። የታችኛውን ሢሶ የምለውም ለዚህ ነው። አንገቱን አቅንቶ ጆሮውን ወደ አንተ ያዞረ ከሆነ ግን በ20ም ተወው።

ሀብታሙ፦ ከዛፍ ላይስ?

ጋሽ ታዬ፦ የሚገባበትን ርሳ፣ የሚወጣበትን ፈልግ። 20 ጫማ ከፍታ ላይ ሆነህ እሱ 20 ያርድ ርቆ ከቆመ ማዘቅዘቁ ጥቂት ነው። እግርህ ሥር 5 ያርድ ላይ ሲመጣ ግን ፍላጻው ቁልቁል ይወርድና አንዱን ሳንባ ብቻ ይበሳል። አንድ ሳንባ የተመታ ብዙ ርቆ ይሄዳል፣ አንዳንዱም ይድናል። እስኪርቅ ጠብቅ። ጀርባውን በሰያፍ ከሰጠህ ማዶ ያለውን የፊት እግሩን አስብና መውጫውን እዚያ አድርገው፤ መግቢያው ወደ ኋለኞቹ ጎድኖች ቢጠጋ አትደንግጥ። ስታዘቀዝቅ ከወገብህ እጠፍ፤ ክንድህን ብቻ ካወረድክ ያስትሃል። ከዛፍ እንዳትወድቅ የሚይዝህን ቀበቶም መሬት ላይ ሳለህ እሰር።

ዳዊት፦ ፊት ለፊት ቢመጣስ?

ጋሽ ታዬ፦ አትልቀቅ።

ዳዊት፦ ወደኔ ሰየፍ ብሎ ቢቆምስ?

ጋሽ ታዬ፦ አትልቀቅ። ጎኑን ወይም ሰያፍ ጀርባውን።

ሀና፦ የቱን ቀስት ልግዛ?

ጋሽ ታዬ፦ ሳትንቀጠቀጪ የምትስቢውን። የፍላጻው ስለት የክንድ ፀጉር ካልላጨ አትውጪበት፤ ፍላጻ የሚገድለው በማድማት ነው፣ እንደ ጥይት አይመታም። ሕጉን ከግዛታችሁ የአደን መመሪያ አንብቡ፣ እኔ ጠበቃ አይደለሁም።

ሰላማዊት፦ ከተመታ በኋላ ስንት እንጠብቅ?

ጋሽ ታዬ፦ ፍላጻውን አንሺና እዪው፣ አሽቺውም። ደሙ ፈካ ያለና አረፋ የያዘ ከሆነ ሳንባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት። ጠቆር ያለ፣ የጠላ አተላ የማይመስል ንጹሕ ጥቁር ቀይ ከሆነ ጉበት ነው፤ ቢያንስ 4 ሰዓት። አረንጓዴ ከነካውና የፈርስ ሽታ ካለው ጨጓራ ወይም አንጀት ነው፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት። ጉበቱን ወይም ሆዱን የተመታው ብዙ ጊዜ ሩቅ ሳይሄድ ይተኛል። ቶሎ ከተከተልሽው ይነሣል፣ ሲነሣ ደግሞ ብዙም ደም ሳያንጠባጥብ ነው የሚሄደው።

ሀብታሙ፦ ሥጋው አይበላሽም?

ጋሽ ታዬ፦ ከሞቀ ይበላሻል። ከተነሣብህ ግን ጭራሽ አታገኘውም።

ይልማ፦ ሳይታረድ የሞተ ይበላል እንዴ?

ከድር፦ በእኛ ፍላጻውን ስትለቅ ቢስሚላህ ካልክ፣ ስለቱም ወግቶ ከገደለው ይበላል።

ይልማ፦ በእኛስ? ባርኮ ማረድ ነው እንጂ...

ጋሽ ታዬ፦ የንስሐ አባትህን ጠይቅ። እኔን የሚመለከተኝ ይህ ነው፦ ልረደው ብለህ ነፍስ ያለውን አትቅረብ፣ ሰኮናው ሆድ ይዘረግፋል። ከጀርባው በኩል ቅረብና ዓይኑን በረጅም እንጨት ንካ። ካርገበገበ ተመለስ።

ሀና፦ ሐሞቱ የት ነው? ስዘረግፈው እንዳይፈስብኝ።

ጋሽ ታዬ፦ የለውም። እንደ በግ ጉበቱ ላይ አትፈልጊው፣ ይህ እንስሳ የሐሞት ከረጢት አልተፈጠረለትም። መጠንቀቅ ያለብሽ ለፊኛውና ለጨጓራው ነው፤ የቢላዋሽን ጫፍ በሁለት ጣትሽ መሐል ይዘሽ ስለቱን ወደ ላይ አድርገሽ ቅደጂ።

ዳዊት፦ ታዲያ ጥሬውን...

ጋሽ ታዬ፦ አይሆንም። ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክ አለ፣ አንጀት ከተበሳ ደግሞ ባክቴሪያው ሥጋው ላይ ነው። እስከ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይብሰል። በቨርጂኒያ ከ2009 ጀምሮ የሚታየው የአጋዘን የአንጎል በሽታ ደግሞ በማብሰልም አይጠፋም። ሰው ላይ መተላለፉ አልተረጋገጠም፤ ቢሆንም ባለበት አካባቢ ካደናችሁ አስመርምሩ፣ አንጎሉንና ሰረሰሩን አትንኩ።

ዳዊት፦ ለብለብስ ጋሼ?

ጋሽ ታዬ፦ አይሆንም አልኩ እኮ።