ጋሼ፣ ያን ድሮን በሚሊዮን ዶላር ሚሳይል መምታት አያከስርም? (ጥያቄና መልስ)

ባለፈው ሳምንት ስለ ዘመኑ የጦር መሣሪያ የምትጠይቁት ካለ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ይህን ያህል ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ለማታውቁኝ፣ ዕድሜዬን ራዳር ስጠግን ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የአዳማ ሰው ነኝ። አንዳንዱን በረጅሙ፣ አንዳንዱን በአንድ መስመር ስመልስ ቅር እንዳትሰኙ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ስለ አገራችን ጦርነት የጠየቃችሁም ብዙ ናችሁ። እሱን ለዛሬ ተዉኝ፤ ቁስሉ ገና አልጠገገም። እኔ የማወራው ስለ ብረቱ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሩሲያ ዩክሬን ላይ የምትልከው ሻሂድ ድሮን ርካሽ ነው ይባላል። በሚሊዮን ዶላር ሚሳይል መምታት አያከስርም?

መልስ፦ ያከስራል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሻሂድ 136 ኢራን የሠራችው፣ 200 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ክንፉ ሦስት ማዕዘን የሆነ፣ ፕሮፔለሩ ከኋላ ያለ ነገር ነው። ከ40 እስከ 50 ኪሎ ፈንጂ ይሸከማል። ፍጥነቱ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፈጣን መንገዳችን ላይ ሕግ ረስቶ ከሚነዳ ላንድክሩዘር ብዙም አይበልጥም። ድምፁን ከቪዲዮ ላይ ለልጅ ልጄ ባሰማት፣ ቀና ሳትል «ባጃጅ ነው» አለችኝ። ዩክሬኖችም ሞተር ሳይክል እያሉ ነው የሚጠሩት።

የአንዱ ዋጋ ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ዶላር ይገመታል። ፓትሪዮት የሚባለው የአሜሪካ የአየር መከላከያ የሚተኩሰው አዲሱ ሚሳይል ደግሞ አንዱ 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ውዱን ሻሂድ ብትወስድ እንኳ በአንድ ፓትሪዮት ዋጋ 80 ይገዛል።

ግን ሂሳቡ በዚህ አያልቅም። ያ ድሮን የሚሄደው ወደ ኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ከሆነ፣ አንድ ትልቅ ትራንስፎርመር አዝዞ ለመተካት ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ላይ ክረምቱ አለ። ስለዚህ ተከላካዩ እየከሰረም ቢሆን ይተኩሳል። ላኪው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ውዱ ሚሳይል በድሮን ላይ ያልቅና እውነተኛው ባለስቲክ ሚሳይል (ወደ ላይ ተወንጭፎ ከከፍታ የሚወርደው) ሲመጣ መጋዘኑ ባዶ ይሆናል።

ዩክሬኖች መልሱን ያገኙት ወደ ኋላ ሄደው ነው። ፒክአፕ ላይ መትረየስ ጭነው ሌሊት ያድናሉ። ጀርመን ከአገልግሎት ያወጣችውን ጌፓርድ የተባለ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፀረ አውሮፕላን መድፍ ተቀብለው ጥሩ አድርገው ሠሩበት። ጡረተኛ ይጠቅማል ማለት ነው። አሁን ደግሞ ጥቂት ሺህ ዶላር በሚያወጣ ድሮን ድሮኑን ያባርሩታል።

ጥያቄ፦ ራዳር እያለ እንዴት ሾልኮ ያልፋል?

መልስ፦ የራዳር ችግሩ አለማየቱ አይደለም፤ ብዙ ማየቱ ነው። ተራራው፣ ዛፉ፣ ዝናቡ፣ ወፉ ሁሉ ሞገዱን ይመልሳል። ስክሪኑ በዚህ ሁሉ እንዳይሞላ፣ የቆመውንና ቀስ የሚለውን ጣለው ተብሎ ይስተካከላል። ትንሽና ዘገምተኛ ድሮን ከወፎቹ ጋር አብሮ ይጣላል። ማጣሪያውን ከፈት ስታደርገው ደግሞ የሰፈሩ ወፍ ሁሉ ጠላት ይሆንብሃል።

ከከተማችን ዳር ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች እዩ። ለእኛ ውበት ናቸው፤ ለራዳር ሰው ራስ ምታት። ምሰሶው ቢቆምም ክንፉ ስለሚዞር፣ ማጣሪያው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው ብሎ ያሳልፈዋል።

ሁለተኛው ነገር የመሬት ክብነት ነው። 10 ሜትር ማማ ላይ ያለ ራዳር፣ 50 ሜትር ከፍታ ላይ ዝቅ ብሎ የሚመጣን ነገር ለጥ ባለ ሜዳ ላይ እንኳ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እስኪደርስ አያየውም። ለሻሂድ ይህ የ13 ደቂቃ መንገድ ነው። በ13 ደቂቃ ብዙ ይሠራል። እንደ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ለሚበረው ፈጣኑ ክሩዝ ሚሳይል ግን ሦስት ደቂቃ እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ጥያቄ፦ የእስራኤል ሮኬት መከላከያ አይረን ዶም ሁሉንም ይመታል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ሁሉንም ሊመታም አልተሠራም። ብልሃቱ መተዉ ላይ ነው። ሮኬቱ የት እንደሚወድቅ ያሰላና ሜዳ ላይ ከሆነ ዝም ይለዋል። እስራኤል ከ2011 ጀምሮ ትሠራበታለች። ለአጭር ርቀት ሮኬት ነው። ለትልቁ ሚሳይል ሌላ ሥርዓት አላት።

ጥያቄ፦ ሃይፐርሶኒክ ሚሳይልን የሚያቆመው የለም ይላሉ...

መልስ፦ ይላሉ። ከድምፅ አምስት እጥፍ በላይ የሚፈጥን ማለት ነው። ፍጥነቱ ብቻውን አዲስ አይደለም፤ የድሮው አህጉር አቋራጭ ባለስቲክ ሚሳይል ሲወርድ ከድምፅ 20 እጥፍ ይደርሳል። አዲሱ ነገር በዚያ ፍጥነት መታጠፍ መቻሉ ነው። ሩሲያ ሃይፐርሶኒክ ነው፣ አይመታም ያለችውን ኪንዣል የተባለ ሚሳይል ግን ዩክሬን በግንቦት 2023 በፓትሪዮት ጥላዋለች። ማስታወቂያና ብረት ይለያያሉ።

ጥያቄ፦ ድሮንን ሲግናሉን አፍኖ መጣል አይቻልም?

መልስ፦ ይቻል ነበር። ከዚያ ከ2024 ጀምሮ በገመድ የሚበሩት በዙ። ሬዲዮ የለም፤ ፀጉር የምታክል ፋይበር ከኋላ እየተተረተረች 10፣ 20 ኪሎ ሜትር ትከተለዋለች። እቤታችሁ ኢንተርኔት የምታመጣዋ ክር ዘመድ ናት። ሬዲዮ ከሌለ የሚታፈንም የለም። በጦር ግንባሩ ማሳዎች ላይ ያ ክር እንደ ሸረሪት ድር ተጋድሞ ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራል። ፎቶውን አይቼ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ መለዋወጫ ነው የምሸጠው። ይህ ሁሉ ለእኔ ምኔ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉም ይበልጥ የሚመለከተው አንቺን ነው። በደጃፍሽ የሚያልፈው ከባድ መኪና ከጂቡቲ ነው የሚመጣው።

በኅዳር 2023 ሁቲ የሚባሉት የየመን ታጣቂዎች ጋላክሲ ሊደር የተባለች መርከብ ቀይ ባሕር ላይ በሄሊኮፕተር ወርደው ያዙ። ከዚያ በድሮንና በሚሳይል መርከብ መምታት ጀመሩ። ፀረ መርከብ ባለስቲክ ሚሳይል በውጊያ ሲተኮስ የመጀመሪያው ነበር። ታላላቆቹ የመርከብ ድርጅቶች ስዊዝን ትተው በደቡብ አፍሪካ ዞሩ። ይህ መንገዱን ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይጨምራል።

ከቻይና ወደ ጂቡቲ የሚመጣው ዕቃሽ የቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ የሆነውን ባብ ኤል መንደብን ማለፍ የለበትም፤ ከአውሮፓ የሚመጣው ግን ያቺን ጠባብ በር ማለፍ አለበት። ቢሆንም የኤደን ባሕረ ሰላጤም ከጥቃቱ አልተረፈም። የመርከብ መድን ሰጪ የጦርነት አረቦን ሲጨምር፣ ይሄኛው የቻይና ነው ብሎ አይራራም። ሩቢማር የተባለችው መርከብ ከ20 ሺህ ቶን በላይ ማዳበሪያ እንደጫነች በመጋቢት 2024 ሰጠመች። ማዳበሪያ በምን ዋጋ እንደሚገባ ገበሬውን ጠይቂው።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል አንዱ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚያወጣ ሚሳይል እነዚህን ድሮኖች ሲጥል ከረመ። የመጀመሪያው ጥያቄ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ሂሳቡን ከሚከፍሉት አንዷ አንቺ መሆንሽ ነው።

ጥያቄ፦ ኑክሌር ያላቸው ስንት ናቸው? አፍሪካ ውስጥስ?

መልስ፦ ዘጠኝ አገሮች። ከ12 ሺህ በላይ የኑክሌር አረር አለ፤ 90 በመቶው ገደማ የሩሲያና የአሜሪካ ነው። ሁለቱ ለመተኮስ የተዘጋጀውን የረጅም ርቀት አረር ለእያንዳንዳቸው በ1,550 የገደቡበት ውል የካቲት 2026 ላይ ጊዜው አብቅቷል። እኔን የሚያስፈራኝ ከሃይፐርሶኒኩ ይልቅ ይሄ ነው።

አፍሪካ ውስጥ የለም። ደቡብ አፍሪካ ስድስት ቦምብ ሠርታ ነበር፤ ራሷ ፈታታችው። በፔሊንዳባ ውል አህጉሩ ከኑክሌር ነፃ ሆኗል፤ ውሉ ከ2009 ጀምሮ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ውል ዋጋ አለው እንዴ ጋሼ? ወረቀት አይደለም?

መልስ፦ ይህን ኢትዮጵያዊ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የመርዝ ጋዝን የሚከለክለው የጄኔቫ ስምምነት በ1925 ተፈረመ፤ ጣሊያን በ1928 አጸደቀችው። በ1935 እና 36 በአውሮፕላን ጋዙን ያዘነበችብን ፊርማዋ ሳይደርቅ ነው። ጃንሆይ ጄኔቫ ድረስ ሄደው ተናገሩ፤ የሰማ እንጂ የደረሰ አልነበረም።

ግን ጨርሶ ወረቀት ነው አልልም። በ1997 ሥራ የጀመረው የኬሚካል መሣሪያ ውል መርማሪ አለው፤ መጋዘን ከፍቶ ይቆጥራል። በእሱ መሠረት አሜሪካ የመጨረሻ ክምችቷን በሐምሌ 2023 አጥፍታ ጨርሳለች። የሚቆጥር ሲኖር ውል ይሠራል። በሌላ በኩል መሬት ውስጥ የሚቀበር ፀረ ሰው ፈንጂን ከሚከለክለው ውል ፊንላንድ፣ ፖላንድና ሦስቱ የባልቲክ አገሮች በ2025 እንወጣለን አሉ። ጎረቤታቸው ሩሲያ ስለሆነች ፍርሃታቸው ይገባኛል። ግን ፈንጂ ጦርነት ማብቃቱን አያውቅም፤ እረኛ ልጅ ነው የሚያገኘው።

ጥያቄ፦ የሰርግ ድሮንና የጦር ድሮን ያው ነው ይባላል። ሰማይ ላይ ካየሁ በጥይት ብመታውስ?

መልስ፦ ያው ነው ማለት ይቻላል። ዩክሬን ውስጥ ሁለቱም ወገን ዲጄአይ ማቪክ የተባለውን የቪዲዮ መቅረጫ ድሮን ለቅኝት ይጠቀሙበታል፤ ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። እኛ ሰፈር ባለፈው ጥር አንዱ የሙሽሮቹን መኪና ሲከተል የመብራት ሽቦ ነክቶ ድንኳን ላይ ወደቀ። ዶሮ ወጥ ውስጥ ሊገባ አንድ ክንድ ነበር የቀረው።

አትተኩስ። ያቺ ጥይት ድሮኑን ከሳተች የሰው ቆርቆሮ ላይ ነው የምታርፈው፤ ደግሞም ትስታለች። ወደ ታች ተመልከት፤ መቆጣጠሪያ ይዞ አንገቱን ያቀና ልጅ አታጣም። የማን ሰርግ እንደሆነ እሱን ጠይቀው።