መንደር ለመንደር በኤሌክትሪክ ብስክሌት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በጋ ሲገባ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች መልካቸው ይለወጣል። የሥራ ምልልሱ ወሬ ይቀርና "ገጠር ገጠሩን ልዞር ነው" የሚለው ይበዛል። ከመጡት ውስጥ ብዙዎቻችሁን ይመለከታሉ ያልኳቸውን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ባትሪዬ የሚይዘው ጉልበት 500 ዋት-ሰዓት ነው። ስገዛው እስከ 120 ኪሎ ሜትር ይወስድዎታል ተብያለሁ። አሁን 70 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዙር አስቤያለሁ፤ ዳገት አለው። ዕድሜዬ ገፋ ብሏል፣ ክብደቴም ቀላል አይደለም። ያደርሰኛል?

መልስ፦ 120 ውሸት አይደለም፤ ግን የእርስዎ ቁጥር አይደለም። መንገዱ ሜዳ፣ ነጂው ቀጭን፣ ቀኑ ነፋስ የሌለበት፣ የሞተሩ እገዛ ደግሞ ዝቅተኛው ሲሆን የሚገኝ ነው። ከፍም ዝቅም በሚል መንገድ ላይ መካከለኛ እገዛ ከተጠቀሙ በኪሎ ሜትር 10 ዋት-ሰዓት ገደማ ይሄዳል ብለው ያስሉ። ስለዚህ በእጅዎ ያለው 50 ኪሎ ሜትር ነው።

ዳገቱን ደግሞ ለብቻው ይዩት። እርስዎና ብስክሌቱ አንድ ላይ 120 ኪሎ ብትሆኑ፣ 500 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ ወደ 160 ዋት-ሰዓት ጉልበት ያስፈልጋል። ግማሹን እግርዎ ቢሸፍን እንኳ ቀሪው ከባትሪው ነው። ሞተሩ በሙቀት የሚያባክነው ሲታከልበት የባትሪዎ አንድ አምስተኛ እዚያው ዳገት ላይ ቀረ ማለት ነው።

መፍትሔው ቀስ ማለት ነው። አየሩን ሰንጥቆ ለማለፍ በየኪሎ ሜትሩ የሚወጣው ጉልበት ፍጥነት ሲጨምር በጣም ይንራል። በሰዓት ከ25 ወደ 18 ኪሎ ሜትር ሲወርዱ ወደ ግማሽ ይቀንሳል። ሜዳው ላይ ዝቅተኛውን እገዛ፣ ዳገቱ ላይ ከፍ ያለውን ይጠቀሙ። ጎማዎን ሳይነፉ አይውጡ። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ማሳያውን ይዩ፤ ባትሪው ከግማሽ በታች ከሆነና የቀረው መንገድ ቁልቁለት ካልሆነ አቋራጩን ይያዙ። እኔን ከጠየቁኝ ግን መጀመሪያውኑ 40 ኪሎ ሜትር ይበቃዎታል። ሰባው ሌላ ጊዜ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ "ሞተር ባለው ብስክሌት ሄደህ ስፖርት ሠራሁ አትበል" ይሉኛል። ምን ልመልስላቸው?

መልስ፦ ዳገት ላይ ወስደህ አስነዳቸው። እጀታውን በመጠምዘዝ ብቻ የሚሄደው ሌላ ዓይነት ነው፤ የአንተ ፔዳሉ ካልዞረ አያግዝም። ልብህ ከተራው ብስክሌት ዝግ ብላ ትመታለች እንጂ አትተኛም። ፈጠን ብሎ እንደ መራመድ ያለ እንቅስቃሴ ነው። ደግሞስ ለሽርሽር ወጥቶ ማን ማንን አታለለ?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ያለ ሞተር ነው የሚነዳው፣ እኔ በሞተር። ዳገት ላይ ጥየው እሄዳለሁ፤ ሜዳ ላይ እሱ ጥሎኝ ይሄዳል። አብረን ወጥተን ለየብቻ ነው የምንገባው።

መልስ፦ የሜዳውን ምክንያት ልንገርሽ። የአውሮፓን ደንብ ተከትለው የሚሠሩት ብስክሌቶች ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሞተሩ ማገዙን ያቆማል። ከዚያ በላይ 25 ኪሎ የሚመዝን ነገር በእግርሽ ብቻ ነው የምትገፊው። እሱ በቀላሉ ብስክሌት ቢያመልጥሽ አይገርምም።

ስለዚህ እሱ ከፊት ይሁን። አካሄዱን የሚወስነው ሞተር የሌለው ነው። አንቺ እገዛውን ዝቅ አድርገሽ ተከተይው። የፊት ነፋስ ሲመጣ ግን ተቀያየሩ፤ አንቺ ከፊት ሆነሽ ከልዪለት። ዳገቱን ቀድመሽ ከወጣሽ ጠብቂው። ትዳር የሚያደፈርሰው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ ሰውዬው እያለከለከ ሲደርስ "እሺ፣ እንሂድ" ማለት። አንቺ አርፈሻል። እሱ ገና ውሃውን አልከፈተም።

ጥያቄ፦ በስንት ኪሎ ሜትር አንዴ ማረፍ አለብኝ?

መልስ፦ ቁጥሩን ተወው። የዚህ ብስክሌት ትልቁ ጥቅም ፍጥነቱ አይመስለኝም፤ ቆሞ መነሳቱ ነው። በተራ ብስክሌት ዳገት የጀመረ ሰው መቆም ይፈራል። እንደገና መነሳቱ ያሳቅቀዋላ። ስለዚህ አሮጌውን ድልድይ ያልፈዋል፣ አጥር ጥግ ቆሞ ሰላም ያለውንም ሰው ያልፈዋል። አንተ ግን ደስ ያለህ ቦታ ቁም። ለመነሳት የሚያስከፍልህ ነገር የለም።

አንድ ነገር ብቻ ልመድ፦ ሳትቆም በፊት ማርሹን አቅልለው። በተለይ ሞተሩ ፔዳሉ ጋ ከሆነ፣ በከባድ ማርሽ ዳገት ላይ ስትነሳ የአንተም የሞተሩም ጉልበት ካቴናው ላይ ይወርዳል። ማርሽ ስትቀይርም ለአፍታ እግርህን ላላ አድርግ። "ቀጭ" የሚለው ድምፅ ከጠፋ ተክነሃል።

ጥያቄ፦ መንደር መግቢያ ላይ ውሻ ሲያባርረኝ ሞተሩን ጨምሬ አመልጣለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይደለህም። ውሻ የሚሮጥ ነገር ሲያይ ማባረር ይወዳል። ጨምረህ ስትሄድ ጨዋታውን አሟሟቅክለት። ኮረኮንች ላይ ወደ ኋላ እያየህ ስትነዳ ደግሞ ከንክሻው ይልቅ መውደቁ ያሰጋሃል።

ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው ክልል አለው፤ እሱን ስታልፍ ይተውሃል። ፍጥነት ቀንስ። ከቀረበህ ውረድና ብስክሌቱን በመሃላችሁ አድርግ። ዓይን ዓይኑን አትየው፣ አትጩህ። በረጋ ድምፅ እያናገርከው፣ ጀርባህን ሳትሰጠው በእግርህ ራቅ። ባለቤቱ ከግቢው ብቅ የሚለውም ይሄኔ ነው።

ስለ ሌሎቹ እንስሳትም አላነሳህም እንጂ ልጨምር። ከብት መንገድ ከሞላ ቁም፣ ይለፉ። በላምና በጥጃዋ መሃል በፍጹም አትግባ። ፈረስ ድምፅ የሌለው ነገር ከኋላው ሲደርስበት ይደነብራል። ደወሉን ተወውና ከሩቅ በአፍህ ተናገር፤ የሰው ድምፅ ያውቃል። ከዚያ ሰፋ አድርገህ እለፈው። ቤቶች መሃል ስትገባ ደግሞ ወደ ሰው እርምጃ ውረድ። ሞተርህ ዝምተኛ ነው፤ መምጣትህን ልጆች አይሰሙም።

ጥያቄ፦ እኩለ ቀን ላይ አርፈን ምሳ ስንበላ ባትሪውን ቻርጅ ብናደርገውስ? ፀሐዩ ግን ከባድ ነው።

መልስ፦ አድርጉት፤ ግን እንደደረሳችሁ አይደለም። የሊቲየም ባትሪ ጠላቱ ሙቀት ነው። ዳገት ወጥቶ የጋለን ባትሪ ወዲያው መሰካት ያስረጀዋል። አውጥታችሁ ጥላ ሥር አስቀምጡት። በእጅ ሲነካ ቀዝቀዝ ካለ በኋላ በራሱ ቻርጀር ሰኩት፤ የሚመሳሰል ሌላ ቻርጀር አይሆንም። መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አትተዉት።

ጥያቄ፦ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኔ ይሸታል፣ እጄም ይደነዝዛል።

መልስ፦ ከላይ እስከ ታች ፍሬኑን ሳትለቂ ስለምትወርጂ ነው። ጠንከር አድርገሽ ያዢ፣ ልቀቂ፣ ትንሽ ይቀዝቅዝ፣ ድገሚ። ሁለቱንም ተጠቀሚ። ፍጥነቱን ኩርባው ከመድረሱ በፊት ቀንሰሽ ጨርሺ፤ ጠጠር ላይ እየታጠፍሽ የፊቱን ከያዝሽ ጎማው ይንሸራተታል። ክርንሽን አጠፍ አድርጊ፣ ከመቀመጫው ከፍ በይ፣ ፔዳሎቹን እኩል አድርጊ። የድንጋዩን ንዝረት እጅሽ ሳይሆን ጉልበትሽ ይቀበለው።

የቀሩትን በአጭሩ፦

ዝናብ ቢይዘኝስ? ዝናብ ይችላል። ወንዝ መሻገር ግን ሌላ ነው፤ ሞተሩ ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም። ጭቃውንም በግፊት ውሃ አትጠቡት።

ባትሪው መንገድ ላይ ቢያልቅ ይቆማል? አይቆምም። ከባድ ብስክሌት ይሆናል፤ ማርሹን አቅልላችሁ ትገፉታላችሁ። ብዙዎቹ ለመብራት የሚሆን ትንሽ ያስቀራሉ።

በአውሮፕላን ይዤው ልሂድ? ብስክሌቱ ይቻል ይሆናል፣ ባትሪው ግን አይገባም። ለመንገደኛ በአየር መንገዱ ፈቃድ እንኳ የሚፈቀደው እስከ 160 ዋት-ሰዓት ነው፤ 500 ዋት-ሰዓት የሆነ ባትሪ የዚያ ሦስት እጥፍ ነው። ከሚሄዱበት ቦታ ይከራዩ።