የአያትሽን ቤት ሲሚንቶ እንዳታስነኪው

እህቴ፣ «ደሴ ሸዋ በር ያለውን የአያቴን የጭቃ ቤት ከውጭ ላድሰው ነው። ዘመናዊ ይምሰል፣ ግን የድሮ መልኩ እንዳይጠፋ። ሲሚንቶ አስለስኚው የሚሉኝ አሉ» ያልሽውን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። እኔም ሰኞ ገበያ ያለውን የአባቴን ቤት አድሻለሁ። ያውም ሁለቴ። የመጀመሪያውን ባላወራው ደስ ይለኝ ነበር።

1. ሲሚንቶ አታስነኪው። በ2008 አንድ ግንበኛ «ወንፊት ሽቦ መትተን በሲሚንቶ ብንለስነው ከብሎኬት ቤት አይለይም» አለኝ። አመንኩት። 38 ሺህ ብር ወጣ። ላዩ ላይ ኳርትዝ ቀለም ሲቀባ ጎረቤቱ ሁሉ «ማሻ አላህ» አለ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

የደሴን ክረምት ታውቂዋለሽ። ሐምሌና ነሐሴ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም የታጠበ ልብስ እንኳ አያስደርቅም። ጭቃ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ ግን ንቅንቅ አይልም፣ ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባ ውሃ ደግሞ መውጫ የለውም። በሁለተኛው ክረምት ግድግዳውን ሳንኳኳው እንደ ባዶ እንስራ ጮኸ። አንድ ጠዋት ከበሩ አጠገብ ያለው ልስን እንዳለ ተገንድሶ ወደቀ። ውስጡ ያለው ጭቃ እርጥብ ነው። ማገሩን ብነካው ጣቴ ገባ። ባህር ዛፉ በስብሶ ምስጥ ወርሶታል። ቤቱ የቆመው ቋሚው የድሮ ጥድ ስለሆነ ብቻ ነው። ግንበኛው ስልክ አያነሳም።

2. ግንበኛ ሳይሆን መራጊ ፈልጊ። እኔ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ቤቱን ዞረው አይተው «ምነው ልጄ፣ ላስቲክ አለበስከው?» አሉኝ። አፈርኩ። ልስኑን በመሮ አስነሳን፣ የበሰበሰውን ማገር ቀየርን። ከዚያ ጭቃውን በጤፍ ጭድ አቦኩና ሳምንት ሙሉ በየቀኑ አስረገጡት። ግቢው ሸተተ፣ ሚስቴ አኮረፈች። እሳቸው ግን «ሲሸት ነው የደረሰው» ይላሉ። መጀመሪያ ወፍራሙን መረጉ፣ እሱ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ በቀጭኑ ደገሙት። መጨረሻ ላይ አዳሩን ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ኖራ ከትንሽ ጨው ጋር። ነጭ ሆኖ ፀሐይ ሲያርፍበት ብታይው! ኳርትዙ አጠገቡ አይደርስም።

3. ፈቃድ። ይሄኛው ይረዝማል። የቢሮውን ስም አልጠራም፣ ብቻ ፈቃድ ልጠይቀው የሄድኩት ሰውዬ ፎቶውን አይቶ «ይሄ አሮጌ ጎጆ ምኑ ይታደሳል? አፍርስና ጂ ፕላስ ዋን ሥራ» አለኝ። እኔም አፌ አያርፍ፣ «ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽም አሮጌ ነው፣ እሱንም እናፍርሰው?» አልኩት። ፋይሌን በጠረጴዛው ላይ ወረወረልኝ። ለዚያች ቀልድ ሦስት ሳምንት ተጨማሪ ተመላለስኩ። አሁንም ግን አልቆጨኝም። አንቺ ካርታሽን፣ የግብር ደረሰኝሽንና ሳይነካ የተነሳ የቤቱን ፎቶ ይዘሽ ሂጂ፣ ማመልከቻው ላይ «የውጭ እድሳት» ብለሽ ጻፊ፣ ዝምም በይ።

መስኮቱንማ ቁጥር አልሰጠውም፣ ያናድደኛል። የድሮዎቹን የእንጨት መዝጊያዎች ለቆራሌው በርካሽ ሸጬ አልሙኒየም አስገባሁ። ፊቱን መነጽር ያደረገ ሽማግሌ አስመሰልኩት። በኋላ አናጢ ቀጥሬ በድሮው ፎቶ አዲስ አሠራሁ፣ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ቀባሁ። ያንቺዎቹ ካሉ የተበላውን እግራቸውን ብቻ አስቀይሪ።

ዘመናዊ ነገር ካማረሽ ጣሪያው ላይ ተወጪው። የዛገውን በኢጋ ቆርቆሮ ቀይሪው፣ ግን ከግድግዳው አልፎ የሚወጣውን ክፈፍ «ቆርቆሮ እንቆጥብ» ብለው እንዳያሳጥሩብሽ። የጭቃ ቤት ጃንጥላ እሱ ነው። አሸንዳም ይኑረው። ግቢውንም ኮንክሪት ስታስደርጊ እስከ ግድግዳው እግር አታስጠጊው፣ ድንጋዩ መሠረት ይተንፍስ።

የሽማግሌውን ስልክ በኢንቦክስ እሰጥሻለሁ። ፍጠኚ ግን፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው የሚመርጉት። በልግ ዝናብ ጠብ ካለ በኋላ እግራቸው ብትወድቂም ጭቃ አይነኩም።