ሰዋስው አራሚው ዝም ሲል

ልጆቼ፣

ጽሑፋችሁን ጨርሳችሁ ከየትኛውም ቃል ሥር ቀይም ሰማያዊም መስመር ስታጡ ቶሎ «ተስተካክሏል» አትበሉ። ስሕተት ላይ መስመር የሚያሰምረው ፕሮግራም፣ ማለትም ሰዋስው አራሚው፣ ዝም የሚለው ስሕተት ሲያጣ ብቻ አይደለም። ለጽሑፉ ቋንቋ የማረሚያ መሣሪያ ካልተጫነለት ዝም ይላል። ከሌላ ሰነድ ቀድታችሁ የለጠፋችሁት አንቀጽ «አይመርመር» የሚል ትእዛዝ ይዞ ከመጣም ዝም ይላል። በማይክሮሶፍት ወርድ ክፍሉን ምረጡና ሪቪው፣ ላንጉጅ፣ ከዚያም ሴት ፕሩፊንግ ላንጉጅ ውስጥ ገብታችሁ ቋንቋውን አረጋግጡ፤ ምርመራውን የሚከለክለው ሣጥን ላይ ምልክት ካለ አንሡት። ሰነዱ አማርኛና እንግሊዝኛ ከቀላቀለ ይህን በየቋንቋው ለየብቻ አድርጉ። በእንግሊዝኛ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደላት የተጻፈ ቃል፣ ቅንብሩን ካልቀየራችሁት፣ ሳይመረመር ይታለፋል፤ ርዕስ ላይ ያለ ግድፈት ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው በዚህ ምክንያት ነው።

አራሚው የሚጠቅምበት ቦታ ግልጽ ነው። ሁለት ጊዜ የተጻፈ ቃል፣ ያልተዘጋ ቅንፍ፣ የተረሳ ክፍት ቦታ ያሳያችኋል። እንግሊዝኛ ስንጽፍ በተለይ አርቲክል (እንደ «ዘ» እና «ኤ» ያለ ቃል) ላይ ይረዳናል፤ አማርኛ «ቤት»ን «ቤቱ» የሚለው በቅጥያ ስለሆነ፣ ከስም በፊት ለብቻዋ የምትቆመውን ትንሽ ቃል ዓይናችን ይዘላታል።

ችግሩ የሚጀምረው ቅርጹ ትክክል ሆኖ ሐሳቡ ሲሳሳት ነው። «ዳይሬክተሩ መጡ» የሚለውን ተመልከቱ። አክብሮት ከሆነ ምንም አልጎደለውም። መጀመሪያ «ዳይሬክተሮቹ መጡ» ብላችሁ ኋላ ስሙን ብቻ ወደ ነጠላ ለውጣችሁ ከሆነና በሌላው ገጽ ሁሉ «መጣ» ካላችሁ ግን ስሕተት ነው። ከዓረፍተ ነገሩ ቅርጽ ብቻ ይህን ማወቅ አይቻልም፤ የሚያውቀው ጸሐፊው ነው። ፊደላችን ጥብቀትን፣ ማለትም ድምፁ ጠብቆ ወይም ላልቶ መነበቡን፣ ስለማያሳይ «ልጁ ይመታል» መቺም ተመቺም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ቦታ መስመር ባይሰመርበትም ራሳችሁ አስተካክሉት፤ «ልጁ ኳሱን ይመታል» ሲባል ጥርጣሬው ያልቃል።

ሐሳብ ሲያቀርብላችሁም ተጠንቀቁ። የቀድሞ ፊደል አራሚዎች «ኮኦፐሬሽን» (ትብብር) የሚለውን ያለ ጭረት የተጻፈ የእንግሊዝኛ ቃል ስለማያውቁት በምትኩ «ኩፐርቲኖ» የሚለውን የከተማ ስም ያቀርቡ ነበር፤ ሳይነበብ ተቀባይነት እያገኘም በተባበሩት መንግሥታትና በኔቶ ሰነዶች ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ዛሬ የሚሠሩት አራሚዎች ከብዙ ጽሑፍ የተማሩ ስለሆኑ እንዲህ ያለው ስሕተት ቀንሷል። ነገር ግን የለመዱትን አነጋገር ይመርጣሉ፤ ብርቅ ግን ትክክል የሆነ የሙያ ቃል እንግዳ ይሆንባቸዋል። ማን እንደሠራው ሳይሆን ምን እንደተሠራ መናገር በሚገባው የሳይንስ ዘገባ ላይም ተገብሮ ግሥን (እንደ «ተለካ» ያለውን) ሊነቅፉባችሁ ይችላሉ፤ እዚያ አትታዘዟቸው።

እኔ የምመክራችሁ ቅደም ተከተል ይህ ነው። ረቂቁን ስትጽፉ መስመሮቹን አጥፏቸው፤ በየቃሉ መቆም ሐሳብ ይበትናል። ስትጨርሱ መልሳችሁ አብሯቸውና በኤፍ7 ቁልፍ አንድ በአንድ ሂዱ፤ ለምን እንደተሰመረ ያልገባችሁን ለውጥ አትቀበሉ። ቀጥሎ ስሞችን፣ ቀኖችንና ቁጥሮችን ከምንጫቸው ጋር አመሳክሩ። 500 የነበረው 5000 ቢሆን የትኛውም የሰዋስው ሕግ አልተጣሰም። በመጨረሻም ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ የተቀደደ ዓረፍተ ነገር ለጆሮ ይታወቃል። በዚህ ንባብ ያረማችሁትን ዓረፍተ ነገር ከዳር እስከ ዳር ድገሙት፤ አዲስ ስሕተት የሚፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ እርማቱ ራሱ ላይ ነው።

በስሕተት የተጻፈን ቃል «ወደ መዝገበ ቃላት ጨምር» ካላችሁት ከዚያ ወዲያ በየትኛውም ሰነድ አይሰመርበትም። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ፕሩፊንግ፣ ከስተም ዲክሽነሪስ ብላችሁ ዝርዝሩን ክፈቱና ሰርዙት። በኢንተርኔት የሚሠራ አራሚ ደግሞ ጽሑፉን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ልኮ ነው የሚመረምረው፤ የሰው የሕክምና መረጃ ወይም ያልተፈረመ ውል ከመለጠፋችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ።