እንጀራ የሌለው መሶብ፦ ስለ ሀብታም ማዕድና ስለ ትሪለር ፊልሞች ጠይቁኝ

ሰላም ናችሁ? ካዛንችስ አንድ ሆቴል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አስተናጋጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። ፊልም የማየው ከፈረቃ ስወጣ ስለነበር፣ ሬስቶራንት ያለበት ፊልም ከሆነ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ትሪ ወደያዘው ልጅ ነው። ዛሬ ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ ቁጭ ብያለሁ፤ የመጣላችሁን ጠይቁኝ። መጨረሻውን ስለማወራ ያላያችሁ በኋላ ተመለሱ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ይሄ ሁሉም የሚያወራለት «ዘ ሜኑ» ስለ ምንድን ነው?

በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ የማርክ ማይሎድ ፊልም ነው። ባለገንዘቦች በጀልባ ተጭነው ደሴት ላይ ወዳለ ምግብ ቤት ይሄዳሉ፤ የአንድ ሰው እራት 1,250 ዶላር። ሬይፍ ፋይንስ የሚጫወተው ሼፍ ምግቡን በየተራ ያቀርብላቸዋል፤ በመጨረሻው ተራ የሚበስሉት እነሱው ናቸው።

ጥያቄ፦ የዳቦው ነገር አልገባኝም። ዳቦ የሌለው የዳቦ ሳህን ምን ማለት ነው?

የፊልሙ ዋና ቀልድ እሱ ነው። ሼፉ ዳቦ የተራ ሰው ምግብ ነው፣ እናንተ ደግሞ ተራ ሰው አይደላችሁም ብሎ ማባያውን ብቻ ጠብ ጠብ አድርጎ ያቀርባል። ወደ እኛ አምጥተህ እየው። መሶቡ ይከፈታል፤ ቀይ ወጥ፣ ሽሮ፣ ጎመን በማንኪያ ጫፍ ጫፍ ተቀምጧል፤ እንጀራ የለም። «እንጀራ ለእርስዎ አይመጥንም» ትባላለህ። በአማርኛ ደግሞ ቀልዱ ወርቅ አለው፤ እንጀራ ሥራም ነዋ! ያለ እንጀራ የሚበላው ማነው?

እኔን ከሳህኑ በላይ የሚያስቀኝ የእንግዶቹ ሁኔታ ነው። ሦስት ወጣቶች ከምግብ ቤቱ ባለቤት ጋር እንደሚሠሩ ጠቅሰው ዳቦ ሊያስመጡ ይሞክራሉ፤ ያቺው «ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» የምትባለው ናት። የምግብ ሃያሲዋ ባዶውን ሳህን አድንቃ፣ አንዱ ማባያ ዘይቱና ውሃው ተለያይቷል ብላ እንከን ታወጣለች። ወዲያው ያንኑ የተበላሸ ማባያ በትልቅ ሳህን ሞልተው ያመጡላታል። አስተናጋጅ የነበረ ሰው ይቺን ደጋግሞ ነው የሚያያት።

ጥያቄ፦ አንተስ በሥራህ እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞህ ያውቃል?

አንድ ደንበኛ ነበረን። የውጭ እንግዶች ይዞ ሲመጣ ክትፎ ያዛል፤ እንጀራውን ወደ ጎን ገፍቶ በሹካ ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ ያደርግና «እኔ እንኳን ብዙም አልወደውም» ይላል። እንግዶቹ ወደ መኪናው ሲሄዱ ተመልሶ መጣና ጠጋ ብሎ «የተረፈውን ጠቅልልልኝ፣ ለውሻዬ ነው» አለኝ። እኔም በሙያዬ ደንብ «ሚጥሚጣ ይጨመርበት?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «በደንብ» አለኝ።

ጥያቄ፦ ሼፉ ግን ትክክል አይደለም? የእጃቸውን ነው የሰጣቸው።

አይደለም። ከሁሉም የባሰው ትዕቢተኛ እሱ ነው። ከእንግዶቹ አንዱ የሆነውን ተዋናይ ለምን ሊገድለው እንደፈለገ አስታውሱ፤ በእረፍት ቀኑ ያየው ፊልም መጥፎ ስለነበር! የተዋናዩ ረዳት የሆነችው ልጅ ደግሞ ያለ ትምህርት ብድር፣ ማለትም ሳትቸገር፣ ስለተማረች ትሞታለች። የወጥ ቤቱን ልጆችም እዩአቸው፤ እንደ ወታደር በአንድ አዳራሽ ያድራሉ፣ «እሺ ሼፍ» ይላሉ፣ በመጨረሻ አብረው ይቃጠላሉ። ጌታው ተለወጠ እንጂ ትሪ ተሸካሚው አልተለወጠም።

ጥያቄ፦ በርገሩስ? እኔ አልቅሻለሁ።

እኔም ደስ ብሎኛል፤ ግን ትንሽ እጠረጥረዋለሁ። ከእንግዶቹ አንዷ ማርጎ አሁንም እርቦኛል ብላ ቺዝበርገር ታዛለች፤ 9.95 ዶላር። ሼፉ ሲጠብስ ፊቱ ይፈታል፤ እሷም አንዴ ገምጣ ቀሪውን አስጠቅልላ ታመልጣለች። ትዕይንቱ ያምራል። ነገር ግን «ርካሹ ምግብ ንጹሕ ነው፣ በፍቅር ይሠራል» የሚለው ራሱ ጠግቦ ያደረ ሰው ሐሳብ ነው። ፒያሳ ጓዳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሽሮ ስታንተከትክ የምትውለውን ሴትዮ እስቲ ጠይቋት፤ ወገቧን እንደሚያማት ነው የምትነግራችሁ።

በዚህ በኩል የቦንግ ጁን-ሆ «ፓራሳይት» (2019) ይሻለኛል። እዚያ ፈጣን ኑድል ላይ ውድ የበሬ ሥጋ ይጨመርበታል፤ እመቤቲቱ ደውላ ስምንት ደቂቃ ቀርቶናል ስትል ሠራተኛዋ ውሃ ትጥዳለች፣ ሥጋ ትከትፋለች፣ ሌላ ጉዷንም ትደብቃለች። በምግቡ ውስጥ የሠሪዋን ላብ ታያለህ።

ጥያቄ፦ የሚሼሊን ኮከብ የሚባለው ከጎማው ጋር ይገናኛል?

ያው ራሱ ነው! የፈረንሳዩ ጎማ ፋብሪካ በ1900 መኪና ላለው ሰው መንገድ መሪ መጽሐፍ አወጣ፤ ሰው ብዙ ሲነዳ ጎማ ይበላልና። ለምርጥ ምግብ ቤት የሚሰጠው ኮከብ በ1926 መጣ። የሚያስቀው፣ የ«ዘ ሜኑ»ን ምግቦች በመንደፍ የረዳችው ሼፍ ዶሚኒክ ክሬን የሦስት ኮከብ ባለቤት ናት። ቀልዱ ላይ እጇ አለበት ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሌላ ምን ልይ?

የሉዊስ ቡኑኤልን «የቡርዧው ድብቅ ውበት» (1972)፤ ሰዎቹ ለእራት ይቀመጣሉ፣ መብላት ግን አይሆንላቸውም። ከስፔን ደግሞ «ዘ ፕላትፎርም» (2019)፤ ምግብ ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚወርድበት እስር ቤት ነው፤ ከላይ ያለው ይጠግባል፣ ከታች ያለው ሳህን ይልሳል። እሱን እየበላችሁ አትዩት።

ጥያቄ፦ ሀብታሙ ራሱ ከፍሎ ገብቶ የሚስቅበት ስላቅ ምን ይጠቅማል?

ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ካዛንችስ ሳይፈርስ አዝማሪ ቤት የገባ ያውቀዋል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ቦርጫሙን ባለመኪና በግጥም ይሸነቁጠዋል፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ሰውዬው ራሱ ከሁሉ በላይ ይስቅና ተነስቶ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። ተሰደበ ወይስ ተመሰገነ? ስድቡንም ገዛው። «ዘ ሜኑ»ም ይህን ያውቃል፤ ሊሞቱ የተቀመጡት እንግዶች መጨረሻ ላይ ቢል ሲመጣላቸው ካርዳቸውን አውጥተው ይከፍላሉ። እኔ ግን አዝማሪው አያስፈልግም አልልም። ቢያንስ ማታ ትሪ ይዞ ጥግ ለቆመው ልጅ ትንሽ ትንፋሽ ይሰጠዋል፤ እኔን ሰጥቶኛል።

ጥያቄ፦ ያ ሰውዬ ግን የእውነት ውሻ ነበረው?

አልጠየቅኩትም። ከዚያ በኋላ ግን በመጣ ቁጥር ሳያዘኝ ጠቅልዬ አስቀምጥለት ነበር፤ ሚጥሚጣውን ለብቻ።