ብረቱ ከወንዝ ወደ ዓሣ እንዴት ይሄዳል? የሐዋሳ ልጆች ጥያቄና መልስ

መምህር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ወንዝ የገባ ብረት (መዳብ፣ እርሳስ፣ ሜርኩሪና የመሳሰለው ሁሉ) ከደለል እስከ ዓሣ እንዴት እንደሚጓዝ ጠይቁኝ። አደራ፣ ዝም ብላችሁ «ብረት» አትበሉኝ። የቱ ብረት? በየቱ እንስሳ? በየቱ የሰውነት ክፍል?

የታቦር ልጅ፦ መምህር፣ ብረቱ ዓሣው ውስጥ የሚገባው በቀጥታ ከውሃው ነው?

መምህር፦ በስንጥቡም ይገባል፣ በምግቡም ይገባል። እኔን የሚያንገበግበኝ ምግቡ ነው። ወንዶ ገነት ካሉት ጅረቶች አንዱ ጋ ውረድና ድንጋይ ገልብጥ። ጣትህን የሚያሟልጨው ነገር አልጌና ባክቴሪያ ነው። ብረት እዚያ ላይ ይጣበቃል፤ ከውሃው ይልቅ እሱ ላይ እጅግ ይበዛል። ሜይፍላይ የምትባለው በራሪ ነፍሳት ባለ ሦስት ጭራ እጭ ያንን ትግጣለች፣ ዓሣው እሷን ይበላል። መዳብ፣ ዚንክና እርሳስ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፉ ብዙውን ጊዜ እየበዙ አይሄዱም። ጉዳቱ ታች ነው። እጮቹ ቀድመው ይጠፋሉ፣ ቀያዮቹ የትንኝ እጮች ይቀራሉ። ከተረፉት ክንፍ አውጥተው የሚበሩት ደግሞ ብዙውን ብረት ከቆዳቸው ጋር ጥለው ይወጣሉ። ስለዚህ በራሪዎቹን የምትበላው የወንዝ ዳር ወፍ ከመመረዟ በፊት ትራባለች። ይህን ማንም አያይላትም!

የሁለት ልጆች እናት፦ ታዲያ ዓሣ መብላት እንተው?

መምህር፦ የቱን ዓሣ?

የሁለት ልጆች እናት፦ የሐይቃችንን።

መምህር፦ እህቴ፣ ሐይቃችን ውስጥ ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ፣ ቢልጫ አለ። ሜርኩሪ ከሌሎቹ ብረቶች ይለያል። አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል። እሱ የዓሣው ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ አንዱ ሌላውን በበላ ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል። ሐይቃችን ላይ ሲለካ፣ ዓሣ የሚበላው ትልቁ ቢልጫ አልጌ ከሚበላው ቆሮሶ በጣም በልጦ ተገኝቷል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ቆሮሶ ይሻልሻል።

አሞራ ገደል፦ ሎሚ ከተጨመቀበት ጥሬውም ችግር የለውም። ስንት ዓመት በልተናል።

የታቦር ልጅ፦ ሎሚ የሆድ ትል እንኳ አይገድልም ይላሉ።

አሞራ ገደል፦ ከሚጥሚጣ ጋር ሞክረኸዋል?

መምህር፦ ወገኖች፣ ሎሚም ሚጥሚጣም እሳትም ሜርኩሪ አያወጡም። ጥሬ ዓሣ ሌላ ጣጣ አለው፤ የዛሬው ርዕስ ግን አይደለም።

ሰፈር ቲቪ፦ ማን ነው የሚለቀው? ፋብሪካዎቹ ናቸው?

መምህር፦ ልኬት ሳላይ ጣት አልቀስርም። የማውቀውን ልንገርህ፦ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የገባው ብረት ደለሉ ውስጥ ይቀመጣል።

ሰፈር ቲቪ፦ ስለዚህ ዓሣ መርዝ ነው ማለት ነው?

መምህር፦ ከላይ መልሻለሁ። የቱ ብረት? የቱ ዓሣ? «ዓሣ መርዝ ነው» ብላችሁ ወሬ አትንዙ። ዓሣ አጥማጁ ልጆች አሉት።

የታቦር ልጅ፦ ጉበቱስ?

መምህር፦ ካድሚየምና መዳብ ጉበትና ኩላሊት ይወዳሉ። ሆድ ዕቃውን ተዉት።

የታቦር ልጅ፦ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ወንዶ ገነት እሄዳለሁ። እጯን በምን እለያታለሁ?

መምህር፦ ጎበዝ! ጭራዋ ሦስት ነው፣ አንዳንዴ ሁለት። ሆዷን ግራና ቀኝ እየው፤ እንደ ላባ የሚርገበገበው ስንጥቧ ነው። በውሃ በተሞላ ነጭ ሳህን ላይ አድርጋችሁ እዩዋት። ከዚያ ድንጋዩን እንደነበረ መልሱት።