አስቸጋሪ ተጫዋች ያለበትን የሚና ጨዋታ ማጫወት፦ ጥያቄና መልስ

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ላርፕ፣ ማለትም የቀጥታ ሚና ጨዋታ፣ የምታጫውቱና ልትጀምሩ ያሰባችሁ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ መልስ ሰጥቻለሁ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። አብዛኛው «አንድ አስቸጋሪ ልጅ አለ፣ ምን ላድርገው?» የሚል ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ ቆይቻለሁ።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ መምህር፣ ይኼ ነገር ከድራማ በምን ይለያል?

ተመልካች የለውም፤ የተጻፈ ቃለ ተውኔትም የለውም። የሚና ወረቀትህን አንብበህ ማን እንደሆንክና ምን እንደምትፈልግ ታውቃለህ፣ ከዚያ በኋላ የምትናገረው የራስህ ነው። እንግሊዝ አገር በ1982 እ.ኤ.አ. ፔክፎርተን በሚባል ግንብ ውስጥ ሲጫወቱት ጀብዱና ፍልሚያ ይበዛው ነበር። ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክና ፊንላንድ ያሉት ደግሞ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክኑተፑንክት በሚባል ዓመታዊ ስብሰባ እየተገናኙ ስለ አጻጻፉና ስለ ስሜቱ ይወያያሉ። እኛ የምንቀርበው ለእነዚህኞቹ ነው። በላ ልበልሃ ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ቆሞ መሟገትን ማንም አያስተምረውም።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ አንድ ጎበዝ ተናጋሪ አለን። ንጉሥ ካላደረግነው ያኮርፋል፤ ካደረግነው ደግሞ ሌላው ሰው ሁሉ አፉን ዘግቶ ይውላል። ምን ይሻላል?

አፈ ንጉሥ አድርገው። የእውነት ነው የምልህ። በነገሥታቱ ችሎት ንጉሡ ለባለጉዳይ በቀጥታ አይናገርም ነበር፤ የሚናገርለት አፈ ንጉሡ ነው። እኔ የማጫውተው፣ ታሪኩ በአንኮበር፣ በኅዳር 1834 ዓ.ም. የሆነ ጨዋታ አለ። ካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ሊፈራረም የደረሰበት ወቅት ነው። ንጉሥነቱን በክፍሉ ውስጥ ድምፁ ለማይሰማው ልጅ እሰጣለሁ፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ በጆሮ ብቻ ያንሾካሹካል። ተናጋሪው አጠገቡ ቆሞ እንዳሻው ያስረዝማል፣ ያሳምራል፣ ተረት ይጨምራል። ውሳኔው ግን የእሱ አይደለም።

አንድ ጊዜ ንጉሡ «አይሆንም» ብሎ ብቻ አንሾካሾከ። አፈ ንጉሡ ከዚያች ቃል ተነስቶ ስለ አባቶች፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ በቅሎ ጫማ ሳይቀር ተናግሮ ሲያበቃ፣ ባለጉዳዩ የተፈቀደለት መስሎት እጅ ነስቶ ሊወጣ ሆነ። ንጉሡ ሣቀ። ያ ልጅ በክፍላችን ሲሥቅ ያየሁት የዚያን ዕለት ነው።

የሚያኮርፍ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው መታየትን ነው እንጂ ሥልጣኑን አይደለም። መታየቱን ስጠው፣ ሥልጣኑን ለሌላ አካፍል። አስተርጓሚም ጥሩ ሚና ነው፤ ሁሉም በእሱ በኩል ማለፍ አለበት።

ጥያቄ (ከመሀል ሜዳ)፦ የኛ ችግር ተቃራኒው ነው። አፋር የሆኑ ልጆች ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። ተናገሩ ብንልም እንቢ።

ተናገሩ አትበሏቸው እህቴ፤ የበለጠ ያፍራሉ። ሌላው ሰው ወደ እነሱ እንዲመጣ አድርጊ። የሚና ወረቀት ላይ አራት ነገር እጽፋለሁ፦ ማን እንደሆንክ፣ እስከ ማታ ምን እንደምትፈልግ፣ ያን ለማግኘት ማን እንደሚያስፈልግህ፣ እና ሌላው የማያውቀው አንተ የምታውቀው ነገር። ለአፋሩ አራተኛውን አከብድለታለሁ። ከአንኮበሩ ጨዋታ አንድ ወረቀት ልጥቀስ፦

«የጨው ነጋዴ ነህ። የአልዩ አምባ ገበያ ቀረጥ እንዲቀነስልህ ትፈልጋለህ። ለዚህ የንጉሡን ግምጃ ቤት ጠባቂ ማግኘት አለብህ፤ እሱ ግን ካንተ አሞሌ ተበድሮ ስላልከፈለ ይሸሽሃል። እንግዶቹ ካመጡት ሣጥን አንዱ መንገድ ላይ ተከፍቷል። ማን እንደከፈተው የምታውቁት አንተና በቅሎ ጫኚው ብቻ ናችሁ።»

ይህን የያዘ ልጅ ጥግ ቢቀመጥም ሣጥኑ የጠፋበት ሰው ፈልጎ ያገኘዋል። ከአንድ ገጽ አታስበልጪ፤ ሁለተኛውን ገጽ የሚያነብ የለም።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ «በቅሎ ጫኚው ብቻ» ካልክ፣ በቅሎ ጫኚው የቀረ ዕለትስ? እኛ ጋ ሚኒባስ ጠፋ ብሎ ግማሹ ሰው ይቀራል።

ለዚህ ነው ሁለት ሰው የሚያውቀው። ጨዋታው ያለ እሱ ሊቀጥል የማይችለውን ነገር በአንድ ሰው እጅ አታስቀምጥ። ከወረቀቶቹም ሦስት አራቱ ቢቀሩ የማይጎዱ ይሁኑ፤ የሰው ብዛት እስኪታወቅ አትስጣቸው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ጠጥተው የሚመጡ አሉ። ለብርዱ ነው ይላሉ።

ለብርዱ ጋቢ አለ። አረቄ የቀመሰ ሰው በዚያ ቀን አይጫወትም፤ ክርክር አልገጥምበትም።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ ታሪክ አዋቂዎች አስቸገሩን። በየደቂቃው ጨዋታውን አስቁመው «እንዲህ አልነበረም» ይላሉ። አንዱ ደግሞ የቅድመ አያቱ ስም በመጥፎ ተነሳ ብሎ ሊከስ ነው።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ታሪካዊ ጨዋታ ስትጽፍ ከተጫዋቾችህ ግማሾቹ የባለታሪኮቹ ዘመድ መሆናቸውን ቀድመህ ቁጠረው። ስለዚህ ትልልቆቹን ስሞች ከበስተጀርባ ተዋቸው፤ ተጫዋቾቹን ጫኚ፣ ነጋዴ፣ እልፍኝ አስከልካይ፣ ጠጅ ጣይ አድርጋቸው። የነዚህ ልጅ ነኝ ብሎ የሚከስህ አይገኝም።

የተቆለፈውንና ክፍት የሆነውን ደግሞ ከመጀመርህ በፊት ጮክ ብለህ ተናገር። የልቼን ውል ጨዋታ ብታዘጋጅ፦ መጋቢት 1870 ዓ.ም. መሆኑ፣ ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነት ስሙን ትቶ ለአፄ ዮሐንስ መገበሩና የሸዋ ንጉሥ ሆኖ መቅረቱ የተቆለፈ ነው፤ ማንም አይቀይረውም። ከዋዜማው ሌሊት በየድንኳኑ ማን ከማን ጋር ምን ተባባለ የሚለው ክፍት ነው፤ ያም ነው ጨዋታው።

ይህም ካልበቃ ውርርድ አስገባ። በድሮው ሙግት ሰው ቃሉን የሚያጸናው በማር ወይም በበቅሎ ተወራርዶ ነበር። እኔ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አምስት አምስት ባቄላ እሰጣለሁ። ጨዋታውን ማስቆም የሚፈልግ አንድ ባቄላ ያስይዛል፤ ትክክል ከሆነ ይመለስለታል፣ ካልሆነ ይቀራል። ባቄላው ያለቀበት ጨዋታው እስኪያበቃ ዝም ይላል። ሙግት ወዳዱ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቆጣቢ ይሆናል። የክስ ነገር ያነሳውን ሰውዬ ግን በባቄላ አትመልሰው፤ ቤቱ ሂድና ስለ ቅድመ አያቱ ጠይቀው። ጥሩ ሚና ሊወጣህ ይችላል።

ጥያቄ (ከመንዝ)፦ ሁለት ጓደኛሞች እርስ በርስ እየተሣሣቁ የሌላውን ስሜት ያበላሻሉ።

ለያይተህ ቁራኛ አድርጋቸው። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በኩታቸው ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር። አንዱን ከአንድ ቁም ነገረኛ ሴት ጋር፣ ሌላውን ከሽማግሌ ጋር ነጠላ ለነጠላ ቋጥራቸው። ሣቁ ይቀጥላል፣ አሁን ግን በጨዋታው ውስጥ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን ዙሪያ)፦ የድንበር ሙግት አጫወትን። ሁለቱ ተሟጋቾች በእውነቱም ጎረቤታሞች ናቸው። ጨዋታው ካለቀ ወዲህ ሰላም አይባባሉም።

ይኼ ከባዱ ጥያቄ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንላለን፤ ያ ግን ፈቃዱ የገና ዕለት ነው፣ በሌላው ቀን ጌታውም ሎሌውም ይቆጣል። የገጸ ባሕርይው ስሜት ወደ ተጫዋቹ፣ የተጫዋቹም ወደ ገጸ ባሕርይው ሲሾልክ የሰሜን አውሮፓዎቹ ብሊድ ይሉታል። ጎረቤታሞች በድንበር ሲሟገቱ ሊሾልክ የሚችል ነገር ጨዋታው ሳይጀመር እዚያው አለ።

ከጨዋታው በፊት እያንዳንዱን ለብቻው ጠይቁ፦ «እንዲነሳብህ የማትፈልገው ነገር ምንድን ነው? ከማን ጋር መጋጨት አትፈልግም?» ለምን ብላችሁ አትጠይቁ። ነገሩ የመሬት፣ የጋብቻ፣ የሟች ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱን ቀይሩና ዝም በሉ።

በጨዋታው ውስጥ ሁለት ቃል ይኑራችሁ። «ቁም» ከተባለ ሁሉም ባለበት ይቆማል፣ ንጉሡም ጭምር። «ቀስ» ከተባለ ጨዋታው ይቀጥላል፣ ፊት ለፊት ያለው ሰው ግን ግፊቱን ይቀንሳል። ሲጀመር ሁሉም በአፉ ይለማመደው፤ ያልተለማመደውን ቃል ማንም በጭንቅ ሰዓት አያስታውሰውም። ባቄላም አይከፈልበትም።

ካለቀ በኋላ ወዲያው አትበተኑ። ካባና በርኖሱ ይውለቅ፣ ሁሉም በእውነተኛ ስሙ ይጠራ፣ ቡና ይፈላ። የተሟገቱት ጎን ለጎን ተቀምጠው «አንተ የተናገርከው ያ ነገር ጥሩ ነበር» ይባባሉ። የናንተዎቹ ግን ከዚህ አልፈዋል። በሌላ ጨዋታ ላስታርቃቸው እንዳትሉ፤ ሽማግሌ ላኩ።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ የእንጨት ጠመንጃ ሠርተን ሜዳ ላይ ብንጫወትስ?

አይሆንም። ጠመንጃ የሚመስል ነገር ይዞ ሜዳ ላይ መሮጥ በዛሬው የአካባቢያችን ሁኔታ ሰው ሊያስገድል ይችላል። ጠመንጃ የግድ ካስፈለገ «ጠመንጃ» ተብሎ የተጻፈበት ወረቀት ይበቃል። ቤት ውስጥ ተጫወቱ፤ ለቀበሌውም ለጎረቤቱም ቀድማችሁ ንገሩ።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ቤተሰብ ባዕድ አምልኮ ነው ይለናል።

ወረቀቶቹን አስነብቧቸው። እኔ ቃልቻና መንፈስ ያለበት ሚና አልጽፍም፤ ታቦትና ቅዳሴም ጨዋታ ውስጥ አላስገባም። ይኼ ሌላ አገር ላይ ይሠራ ይሆናል፣ እዚህ ግን የአንድ ቀን ጨዋታ የዓመት ነገር ያስነሳል።

ጥያቄ (ከመንዝ)፦ ተጫዋች የሚባረረው መቼ ነው?

«ቁም» ሲባል ያልቆመ፣ ሰው የነካ፣ በምስጢር የተነገረውን ውጭ ያወጣ። ለነዚህ ሁለተኛ ዕድል የለኝም። ሌላው ሁሉ፣ ኩርፊያው፣ ወሬው፣ ማርፈዱ፣ መጀመሪያ ወረቀቱ ይታያል። ለሚያኮርፈው ልጅ የጻፍክለትን አውጥተህ አንብበው፦ የሚፈልገው ነገር አለ? እሱንስ የሚፈልገው ሰው አለ? ሁለቱም ከሌሉ ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ እንዲውል ነበር? ሁለቱም ኖረውም ካስቸገረ፣ ለብቻው ጠርተህ፣ በሰው ፊት ሳታዋርደው፣ «ይኼኛው ጨዋታ ላንተ አይሆንም» በለው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ በሐምሌ ጣርማበር ላይ ልናዘጋጅ አስበናል። ምን ይመክሩናል?

ወደ ጥቅምት አዙሩት። በሐምሌ ጉሙ ሲወርድ አጠገባችሁ የቆመውን ንጉሥ አታዩትም፤ ወረቀቱም ይበሰብሳል። አይ ካላችሁ አዳራሽ ተከራዩ፣ ከሰል ካነደዳችሁ መስኮት ክፈቱ፣ የመመለሻውን መኪና ደግሞ ከሰዓት በፊት ተነጋገሩ።